ከባሕር ዳር ዘጌ በካያክ፦ እንግዳ ይዞ መቅዘፍና ድንኳን ተክሎ ማደር

ጣና ላይ እንግዳ በካያክ (በመቅዘፊያ በሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ይዞ መውጣት ከክንድ ጉልበት ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ላባ ቢወድቅበት እንኳ የማይነቃነቀው ውሃ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሲያዩት ሌላ ሐይቅ ይመስላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሥራውን ለሚጀምሩ ወጣት አስጎብኚዎችና ከጓደኞቻቸው ጋር ሊሞክሩት ላሰቡ ነው። ጉዞው ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ባለው የዘጌ ምድር አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ የሚመለስ ነው። የመጀመሪያችሁ ከሆነ ከዚህ አታርቁ። የደቅና የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴቶች ልብ ይስባሉ፤ ነገር ግን ሰፊ ገላጣ ውሃ ማቋረጥ ይጠይቃሉ፤ እዚያ በሞተር ጀልባ ሂዱ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ካያክ አስጎብኚነት በሚገባ ከዳበረባቸው ቦታዎች መካከል የበረዶ ግግር ሐይቆች አሉ፤ ለምሳሌ አይስላንድ ውስጥ ያለው ዮኩልሳርሎን። እዚያ እንግዶች ከግግሩ ተገምሰው በሚንሳፈፉ የበረዶ ክምሮች አቅራቢያ ይቀዝፋሉ። አስጎብኚዎቹ አጥብቀው የሚያስተምሩት ነገር ቢኖር ከውሃ በላይ የሚታየው በረዶ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ መሆኑን ነው። የቀረው ከሥር ነው፤ ሥሩ ሲቀልጥ ሚዛኑን ይስትና ያለ ማስጠንቀቂያ ይገለበጣል። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢያምር አይጠጉትም። እኛ ዘንድ ያ በረዶ ጉማሬ ነው። ሁለት ጆሮና ሁለት አፍንጫ ይታያችኋል፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነው አካል ከታች ነው።

ልዩነቱም መታወቅ አለበት። የእነሱ ውሃ ወደ በረዶነት የተጠጋ ስለሆነ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ የሚለብሱት ለዚህ ነው። የእኛ ውሃ ለብ ያለ ነው፤ የወደቀ ሰው ጊዜ አለው። በሌላ በኩል ዮኩልሳርሎን ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትወጡት ሌላው ይደርሳል። ካያክ የሚገለብጠው እንዲህ ያለው ሞገድ ነው።

ወቅቱን ምረጡ

ክረምቱን ተዉት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡም መብረቁም አያስወጣም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ውሃው ሞልቶ ዳሩን ስለሚውጠው ድንኳን የሚተከልበት ደረቅ ቦታ ያጥራል። እኔ የምመርጠው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለውን ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከተማችን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን እንግዶች የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው፤ ብርድ ልብስ ይያዝ። የጥምቀት ሰሞን ጀልባውም ሰዉም ስለሚበዛ ቀኑን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ፈቃድ ጠይቁ፣ ሁኔታውን አጣሩ

ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢው ጸጥታ ምን እንደሚመስል ከባሕር ዳርም ከዘጌም ወገን ጠይቁ። አንዱ ወገን "ሰላም ነው" ቢል አይበቃም፤ ሁለቱም ይበሉ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር፤ እንግዳ ቢቀየም ይሻላል።

ማደሪያውን በተመለከተ ዘጌ ላይ ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ወይ የገዳም ነው ወይ የሰው ቡና ነው። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ሄዳችሁ ከቀበሌውና ከባለይዞታው ጋር ተነጋገሩ፤ ቦታው የገዳም ከሆነ ከአበምኔቱ። በስልክ አታድርጉት። በር ላይ ቆሞ "እማማ፣ ሁለት ድንኳን ተክለን ብናድር ይፈቅዱልናል?" ማለትና በማያውቁት ስልክ መደወል አንድ አይደለም። የሚከፈለውንም ያኔውኑ ተስማሙ፤ በመሸበት ሰዓት ስለ ዋጋ መነጋገር ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል።

ዕቃውን አሰናዱ

ለጀማሪ የሚሻለው ከላዩ የሚቀመጡበት ክፍት ካያክ ነው። ቢገለበጥ ውሃ አይሞላም፣ እግርም አይይዝም። ለአራት እንግዳ አንድ አስጎብኚ ፊት፣ አንድ ኋላ ይኑር። በዚህ ላይ አንድ ሞተር ጀልባ ተከራይታችሁ ከኋላ እንዲከተል አድርጉ። ወጪ ይጨምራል፤ ሆኖም እንግዳ ይዞ ያለ አጃቢ ጀልባ መውጣትን አልደግፍም። ሞተረኛው ድንኳኑንና ውሃውንም ይጭንላችኋል።

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ። ለመፈተን፣ አልብሳችሁ ቀበቶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ሁለቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጭ አልፎ ወደ ጆሮ ከወጣ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ሾልኮ ይወጣል፤ ቀይሩት። ላስቲኩ የላላውን፣ ስፖንጁ የተቆራረሰውን "ለዛሬ ይሁን" አትበሉ።

ሌላው፦ ሁለት ትርፍ መቅዘፊያ፣ ለሁሉም ሰው አንገት ላይ የሚታሰር ፊሽካ፣ 15 ሜትር ያህል ገመድ፣ የግንባር ባትሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ ማሰሪያ ያለው ባርኔጣ፣ አጎበር፣ የጋዝ ምድጃ። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር የሚጠጣ ውሃ። ውሃ የማያስገባ ከረጢት ካጣችሁ ወፍራም ፌስታል ሁለት ደርባችሁ አፉን አጥፋችሁ እሰሩ፤ ልብስና ስልክ ከዚያ ውስጥ ይግባ። ካያኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ ከባዱ መሐል ላይና ከሥር ይሁን።

ስንቁ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ጠዋት ሳይበሉ ለሚነሱ ሰዎች ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም። በማር ወይም በስኳር የተበጠበጠ በሶ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዛል፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ይጠጣል፣ እስከ ረፋድ ያቆማል። ቆሎ ለመንገድ፣ ዳቦና ሽሮ ለማታ። በጾም ቀን ከወጣችሁ እንግዳው ምን እንደሚበላ ቀድማችሁ ጠይቁ።

መውደቅን አስተምሩ

ይህን ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ጠዋት አድርጉት፤ መነሻ ሰዓት ላይ ለማስተማር ጊዜ የለም። ደንገል ከሌለበት፣ ውሃው ገለጥ ካለበት የጀልባ መሳፈሪያ አጠገብ ሁኑ።

በመጀመሪያ ዋና የማይችለው ማን እንደሆነ እወቁ። በሰው ፊት ብትጠይቁ ሁሉም "እችላለሁ" ይላል፤ እኛ አገር ይህ ያሳፍራል። አንድ በአንድ ለብቻ ጠይቁ። የማይችል ሰው ከጉዞው አይቀርም፤ በሁለት ሰው ካያክ ከአስጎብኚ ጋር ይቀመጣል።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው ሆን ብሎ ይውደቅ። ካያኩን ለመመለስ ከሥሩ ወዲያ ማዶ ያለውን ጠርዝ ይዞ ወደ ራስ መሳብ ነው። መውጣቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ግድግዳ እንደሚወጣ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ካያኩም ተመልሶ ይገለበጥበታል። መጀመሪያ እግር ከኋላ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ። ከዚያ እግርን እየደበደቡ ደረትን ካያኩ ላይ ማሳረፍ፤ እንደ ዓሣ በሆድ ተኝቶ እምብርት መሐሉ ላይ እስኪደርስ መንሸራተት፤ ከዚያ ዳሌን ማዞርና መቀመጥ። እግር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ሌላ አስጎብኚ በዚያኛው ጎን ካያኩን በሁለት እጁ ከያዘለት ማንም ይወጣል። ሦስት ጊዜ ያልደገመው ለጉዞው አይውጣ።

ምልክቶቹ ጥቂት ይሁኑ። አንድ ፊሽካ "ቁሙ፣ ወደ እኔ እዩ"። ሦስት ፊሽካ "ድረሱልኝ"። መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ሲቆም "ወደ እኔ ኑ"። ከካያኩ የወደቀ ሰው ደግሞ ምንም ይሁን ምን ካያኩን አይልቀቅ።

ጎህ ሲቀድ ተነሱ

11 ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃው ተጭኖ ያልቅ፤ 12 ሰዓት ላይ ካያኮቹ ውሃ ላይ ይሁኑ። ዘጌ በቀጥታ ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዳር ዳሩን ሲሄዱ ይረዝማል። ጀማሪ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀዝፍ ከነዕረፍቱ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ነፋሱ ሳይጠነክር የምትደርሱት በዚህ ሒሳብ ብቻ ነው።

ከከተማው ወደ ምዕራብና ሰሜን ያዙ። በምሥራቅ በኩል ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ አለ፤ ከዚያ ወረድ ብሎ የጫራ ጫራ ግድብ ነው። ውሃው ዝም ያለ ቢመስልም እየወሰዳችሁ ነው፤ አካባቢው የጉማሬም መዋያ ነው። ጀማሪ ይዛችሁ ወደዚያ አትቅረቡ።

25 ደቂቃ ቀዝፉ፣ 5 ደቂቃ ዕረፉ። ማንም ከመሪው አይቅደም፣ ማንም ከኋለኛው አይዘግይ፣ ከፊሽካ ድምፅ የራቀ ሰው አይኑር። መቅዘፊያው በክንድ ብቻ ከተገፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትከሻ ያልቃል፤ ወገብ እየዞረ ነው የሚቀዘፈው።

በቀኝ በኩል ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ይታያሉ። እንግዶች "እንውረድ" ይላሉ፤ አትውረዱ። ክብራን ለሴቶች ስለማይፈቀድ ቡድኑ ይከፈላል፣ አንድ ሰዓትም ይሄዳል። ደሴቶቹን በሌላ ቀን በሞተር ጀልባ አሳዩአቸው።

ከጉማሬ ራቁ

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ሊበላ ይወጣል፤ ሲነጋ ይመለሳል። ስለዚህ እናንተ በምትነሱበት ሰዓት እሱ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የሚወደው ጥልቀት የሌለውን የደንገል ጠርዝና የወንዝ መግቢያን ነው። ለነፋስ ብለን ዳር ዳሩን እንሄዳለን፣ ለጉማሬ ብለን ከዳር እንርቃለን፤ ሁለቱ ሲጋጩ ማስታረቂያው ከደንገሉ 150 ሜትር ያህል ወጣ ብሎ መቅዘፍ ነው። ዳሩ ሲያስፈልግ ይደረስበታል፣ ጉማሬው ግን አይረበሽም።

መሪው ዓይኑን ከውሃው ወለል አያንሳ። መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው፦ ከውሃ ሲወጣ ሁለቱም እንደ ትንሽ ማራገቢያ ይርገበገቡና የውሃ ፍንጣሪ ይረጫሉ፤ ከዚያ "ፉፍ" የሚል ትንፋሽ። ያን ስትሰሙ አንድ ፊሽካ ንፉ፣ ቡድኑን ሰብስቡ፣ መቅዘፊያችሁን በካያኩ ጎን መታ መታ አድርጉ፤ የት እንዳላችሁ ማወቁ ለሁለታችሁም ይበጃል። ከዚያ በገላጣው በኩል ሰፋ አድርጋችሁ እለፉት። አፉን ከፍቶ ካዛጋ እንግዶች ፎቶ ያነሳሉ፤ ማዛጋቱ ግን እንቅልፍ አይደለም፣ "ቀርባችሁኛል" ማለቱ ነው። ጠልቆ ከቀረ ደግሞ ባለበት አለ ብላችሁ አታስቡ፤ ለደቂቃዎች ትንፋሹን ይዞ የሐይቁን ወለል እየረገጠ ይሄዳል። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነውና።

ታንኳዎቹን ተመልከቱ

ፀሐይ ምድሩን ከውሃው ቀድማ ታሞቃለች። የሞቀው የምድር አየር ሽቅብ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ሊተካው ይመጣል። በባሕር ዳር በኩል ይህ ነፋስ ረፋድ ላይ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። የስልክ ትንበያ ጥሩ ነው፤ ከእሱ በላይ የማምነው ግን ባለታንኳዎቹን ነው።

አንድ ጊዜ እንግዶቼ ቁርስና ቡና ካልጠጣን ብለው እኔም እሺ አልኩና የተነሳነው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከክብራን ትይዩ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ በታንኳ ሲመጡ አየን። ታንኳቸው ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር፤ ጫፉ ላይ የደንገሉ ማሰሪያ ተፈትቶ ይንጠባጠባል። ከተከመረ ደንገል ላይ ተቀምጠው በሽመል የሚቀዝፉ ሰውዬ ፊታቸውን ወደ ዳር አዙረዋል። "ልጄ፣ ወዴት ነው?" አሉኝ። "ዘጌ፣ አባባ።" ቀና ብለው ሰሜኑን አዩና "ዛሬ አትደርስም፤ ተከተለኝ" አሉ። ውሃው አሁንም ዝም ብሎ ነበር። አልተከተልኳቸውም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰሜኑ ጠቆረ፣ ሞገዱ ነጭ አናት አወጣ፣ አንዲት እንግዳ ወደቀች። መልሰን ስናወጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጃቢ ጀልባ ባይኖረን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልወድም።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ እንዲህ ነው። ታንኳዎቹ ወደ ዳር መዞር ከጀመሩ እኛም እንዞራለን፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ። አምስት ሰዓት ላይ ካልደረስን ባለንበት አቅራቢያ ባለው ዳር እንወርዳለን። ነፋሱ መንገድ ላይ ከያዛችሁ ጎናችሁን ለሞገዱ አትስጡ፤ የካያኩን አፍንጫ ትንሽ አጋድላችሁ ወደ ሞገዱ አቅኑ፣ ቡድኑን ሰብስቡ፣ መቅዘፋችሁን አታቁሙ። ውሃ ላይ ያለ መቅዘፊያ ሚዛን ነው።

ማደር

ከውሃው ስትወጡ መጀመሪያ መሬቱን አንብቡ። ከሐይቁ ወደ ሣሩ የሚወጣ የተረገጠ፣ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ያለው መንገድና በቁጥቋጦ ላይ የተበተነ ፋንድያ ካያችሁ የጉማሬ መንገድ ነው፤ ቆንጆ ሜዳ ቢሆንም ሂዱ። ድንኳኑ ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ብሎ ይተከል። ሌሊት ማንም ለብቻው ወደ ውሃ አይውረድ።

ዘጌ ላይ እንጨት አይቆረጥም። ከጥንት የወረደ ሥርዓት ነው፤ በሬ ተጠምዶም አይታረስም፤ ደኑም በጥላው ሥር ያለው ቡናም የቆየው በዚህ ነው፤ ሥርዓቱንም ቡናውንም ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዙታል። የወደቀ ጭራሮም ቢሆን የሰው ነው። ስለዚህ በያዛችሁት ጋዝ አብስሉ፣ ቡናውን ግን ከእማወራዋ ግዙና እሷው ታፍላላችሁ። እንግዶች ከጉዞው ሁሉ የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ከሰዓት በኋላውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም አዝዋ ማርያምን ለማየት ተጠቀሙበት። የቀዘፈ ሰው ልብሱ እርጥብና አጭር ነውና ረጅም ልብስና ነጠላ በደረቁ ከረጢት ውስጥ ይኑር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ለመጸዳጃ የአስተናጋጆቻችሁን ጠይቁ፤ ከሌለ ከውሃው 70 ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ፣ ይሸፈን።

ጤና

በደንገልና በሣር የተሸፈነ ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ ያስተላልፋሉ። የበሽታው ጥገኛ ትል በቆዳ በኩል የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚያ አትቁሙ፣ አትታጠቡ፤ ስትሳፈሩና ስትወርዱ የጎማ ጫማ አድርጉ፤ የረጠበ ሰው ወዲያው በፎጣ ይታሸት። የሐይቁን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ። ወባም አለ፤ አጎበሩ ድንኳን ውስጥም ይዘርጋ።

መመለስ

በማግስቱም ሰዓቱ ያው ነው፦ 12 ሰዓት። ፀሐይዋ በግራ በኩል ዓይን ውስጥ ስለምትገባ ባርኔጣው አይረሳ። ከመነሳታችሁ በፊት ውሃውን ተመልከቱ። እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም በነፋስ ስለሚነዳ ማታ ገላጣ የነበረ መውረጃ ጠዋት ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ሰብራችሁ ለማለፍ አትሞክሩ፤ መቅዘፊያ ይይዛል፣ ከሥሩ ያለውም አይታይም። ካያኩን ተሸክማችሁ ሌላ መውረጃ ፈልጉ።

ባሕር ዳር ስትደርሱ ካያኮቹን ገልብጡ። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን፣ የመቀመጫውን ሥር፣ የገመዱን ቋጠሮ ሁሉ በጣት እየዳሰሳችሁ የእምቦጭ ቅጠልና ሥር ልቀሙ፤ ቁራጩ ራሱን ችሎ ይበቅላል፣ ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የለቀማችሁትን ወደ ሐይቁ አትመልሱ፤ ደረቅ መሬት ላይ አስጡት። ካያኩ ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሄድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይጫን። ላይፍ ጃኬቶቹን ጥላ ላይ ስቀሉ፣ የተቀደደውን ለዩ። እንግዶቹን ስትሰናበቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ለቢልሃርዚያ እንዲመረመሩ ንገሯቸው፤ ቀኑን ስልካቸው ላይ አስመዝግቧቸው፤ ቢገኝባቸው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።